የእርጥብ ጉዝጓዝ ሽታ

ክረምቱ በመጋቢት መግባት ከጀመረ ወዲህ ቢሾፍቱ ላይ ልብሱን ደጅ የሚያሰጣ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ከዝናቡ ዜና ቀጥሎ የሻጋታ ዜና ይነበባል፤ ዛሬ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ፣ ነገ ከፍተኛ። ሰው ይህን ሰምቶ መስኮቱን ይዘጋል፣ ማድረቂያውን ይከፍታል፣ የልጁን አፍንጫ ሸፍኖ ወደ ትምህርት ቤት ይሸኛል። በወረቀት የታተመ የሠርግ ፎቶ ያለበት ቤት እንደ ቅርስ ይጎበኛል። የቆዳ ጫማ የሚያስቀምጥ ደግሞ ወይ ሀብታም ነው ወይ ልብ ያልገዛ ነው። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ደረቅ አየር ሲነፋበት ውሎ ሲነፋበት እያደረ ምንም ምን የማይሸት ሆኗል። ሰው መቼም የማይለምደው ነገር የለም፤ ይህንንም ለምዶታል።

ሶልያና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዶሮ ሠፈር የቤት አሥራ አንድ ጠባቂ ናት። ስሟን ሰምታችሁ ወጣት እንዳትመስላችሁ። ሶልያናዎቹ፣ ኤልዳናዎቹ፣ ኪሩቤሎቹ ዛሬ ጉልበታቸውን የሚቆረጥማቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ልጆቹማ ዘርፈሽዋልና ድንበሩ ሆነዋል፤ የቅድመ አያት ስም ዞሮ መጥቶ አምሯል።

የዶሮ ሠፈሩ ደንብ አንድ ነው፦ ከጫጩት ጋር የገባ ከጫጩት ጋር ይወጣል። ጠባቂዋ በር ላይ የለበሰችውን ሁሉ አውልቃ ከበሩ ጎን ላለው ማቃጠያ እሳት ትሰጣለች፣ ደጋግማ ትታጠባለች፣ ግራጫ ሸሚዝና ሱሪ ይሰጣታል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የአንድ ቀን ጫጩቶቹ በሌላ በር ይገባሉ። ላባ አውጥተው ወደ ትልልቆቹ ቤቶች እስኪዛወሩ ድረስ እሷም እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትተኛለች። እሑድ እሑድ ዘመድ ይመጣና ከመስታወቱ ማዶ ይቆማል። ድምፅ በማጉያ ይሻገራል፤ ስንቅ ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ባለች መሳቢያ ይገባል። መሳቢያዋ ወደ ውጭ ስትመለስ በእንፋሎት መታጠብ ነበረባት፤ እንፋሎቱ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ተበላሽቷል፣ ነገሬ ብሎ የጠገነውም የለም።

ሥራዋ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ቤቱ ራሱ ይመግባል፣ ራሱ ያጠጣል፣ ራሱ ያሞቃል፤ በየሰዓቱም በለስላሳ የሴት ድምፅ "እርጥበት ልክ ነው፤ እናመሰግናለን" ይላል። ለእሷ የቀረላት ጉዝጓዙ ነው። ጫጩቶቹ የሚኖሩበትን የጤፍ ጭድና ሰጋቱራ በመንሽ ትገለብጣለች፤ አንድ እፍኝ አንስታ ትጨብጣለች። ከእጇ ላይ ከተበተነ ደኅና ነው፣ ከተጣበቀ እርጥበት ገብቶታል። ይህን ማሽን መሥራት አቅቶት አይደለም፤ ጫጩት ማሽን ሲመጣበት እየደነገጠ ከጥግ ተከማችቶ ይታፈናል። ጫጩት ሰው ይወዳል። ሶልያናም ቀኑን ሙሉ ታወራቸዋለች፤ የምታወራቸውም ስለ ኪሩቤል ነው።

ኪሩቤል ባሏ ነው። ነበር ማለት ገና ለአፏ አልመጣላትም እንጂ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቷል። በወጣትነቱ፣ ዶሮ ቤቶቹ ገና ክፍት በነበሩበት ዘመን፣ ጉዝጓዝ ገልባጭ ነበር፤ ማታ ሲገባ አንገቱ ሥር እርጥብ ጭድ ይሸት ነበር። ሙሽራ ሳለች ሽታውን አልወደደችውም። ሎሚ ቆርጣ ትጠብቀዋለች፣ እሱም እየሳቀ ይታሸዋል፣ ሎሚው ግን ያልፍና የጭዱ ሽታ ይመለሳል። እያደር ያ ሽታ ከአጠገቧ ካልተኛ እንቅልፍ እንቢ ይላት ጀመር። ከዚያ የበሩ እጥበት መጣ፤ ባሏም ምንም የማይሸት ሰው ሆኖ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ሆኖ ይመለስ ጀመር። አንድ ቀን አፍንጫዋን አንገቱ ሥር ቀብራ ብታሸት፣ ብታሸት፣ ምንም የለም። ምን ጠፋብሽ ቢላት "አንተ" አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

የገደለው የሻጋታ ሳንባ ነው። የወጣትነቱ ጉዝጓዝ ደረቱ ውስጥ አድፍጦ፣ ሰውዬው ሊጦር ሲል ተነሳበት። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ልብስ ደግሞ ይቃጠላል። ሸሚዙ፣ ጋቢው፣ ፍራሹ፣ አልጋ ሥር የረሳው ካልሲ ሳይቀር ቀብር ሳይደርስ ነደደ። ለቅሶው ላይ ታዲያ የሚያዝ ነገር ጠፋ። ሰው ሁሉ እንደ ወጉ የሟቹን ልብስ ከፍ አድርጎ ይዞ ሊያለቅስለት ተሰብስቦ፣ ልብስ የለም። የኪሩቤል ታላቅ እህት ኤልዳና መሀል ገብታ እጆቿን አነሳች፤ ባዶ ናቸው። ትንሽ እንደዚያው ይዛቸው ቆየችና አውርዳቸው ተቀመጠች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ብለው ሊያጽናኗት የሞከሩ ነበሩ።

"እንባስ አልገደመንም" አለቻቸው። "የገደመን ጨርቅ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ለቅሶው አልወጣላትም፤ ለሶልያናም አልወጣላትም። ሁለቱም ሴቶች ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ዓመቱን ሙሉ ተቀመጡ። ለሙት ዓመቱ አንድ ነገር እናገኛለን፣ አንድ ክር ከአንድ ቦታ አይጠፋም እየተባባሉ የዘመድ ቤት ሁሉ አስፈለጉ። አልተገኘም። ሶልያና ሐምሌ ሲያልቅ ከጫጩቶቹ ጋር ስለምትወጣ ቢያንስ በቀኑ እዚያ ልትገኝ ተስፋ ነበራት።

በዚያው በሐምሌ፣ አንድ ጠዋት፣ ከመኖ ማስቀመጫው ኋላ ባለው ጥግ ጉዝጓዝ ልትገለብጥ ጎንበስ አለች። ነፋሱም የቤቱም የእርጥበት መለኪያ የማይደርስበት ጥግ ነው። የውሃው ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል ሰንብቶ ጭዱን አርሶታል። መንሿን ብታስገባ ከሥሩ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ወጣ። ነጭ ነገር እንደ ሸረሪት ድር ጭዱ ላይ አድርቷል፤ ጫፍ ጫፉ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ሽታው ወደ ላይ መጣና አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

ኪሩቤል ነበር። እርጥብ ጭድ፣ የቆየ ላብ፣ ትንሽ የጥንስስ ነገር፤ ልክ ያኔ በሩን ገፋ አድርጎ "ቤቶች" እያለ ሲገባ። ሶልያና መንሿን ጣለችና ተንበረከከች። ይህን ያህል እንደናፈቀችው እሷም አታውቅም ነበር፤ ፊቱን፣ ድምፁን፣ ሳቁን ስትናፍቅ ከርማ ዋናውን ረስታዋለች። አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ሴት ጫጩት መሀል ተደፍታ መሬት ስታሸት ያያት ሰው ቢኖር ለይቶላታል ይል ነበር። ያያት የለም። ቤቱ በላይዋ "እርጥበት ልክ ነው፤ እናመሰግናለን" አለ።

ደንቡን አሳምራ ታውቀዋለች። ሻጋታ ያየ ጠባቂ ወዲያው በሩ አጠገብ ያለውን ቀይ ቁልፍ ይጫናል። ጉዝጓዙ ይወጣል፣ የታመመው ይለያል፣ ቤቱም ከነጠባቂው እስከ በጋ ይታሸጋል። በጋ ማለት ዛሬ ዛሬ ጥር ነው። ሙት ዓመቱ ቀረባት ማለት ነው። እስከ ቁልፉ ድረስ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ቱቦውን አጠበቀች። ከዚያ ቅያሪ ሸሚዟን አምጥታ ሻጋታው ላይ ዘረጋችው፣ ከላይ ደረቅ ሰጋቱራ ነሰነሰችበት፣ ዙሪያውን ጫጩት እንዳይገባ በካርቶን አጠረችው። የኪሩቤል ሸሚዝ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ የድርጅቱ ግራጫ ሸሚዝ ነው። ግን እሱም የለበሰው ይህንኑ ግራጫ ሸሚዝ ነበር፣ ሽታው ከገባበት ደግሞ ሌላ ምን ይቀረዋል ብላ ራሷን አሳመነች።

እሑድ ኤልዳና ጃንጥላዋን እያራገፈች ከመስታወቱ ማዶ መጣች፤ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች። ሶልያና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። ኤልዳና መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥሎ አመነች፣ ቀጥሎ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

"ወንድሜ ድሮም ጥግ ይወድ ነበር" አለች።

ወዲያው መከሩ። ሸሚዙ ሽታው ጠልቆ እስኪገባው አንድ ሳምንት ይቆያል። በሚመጣው እሑድ ሶልያና ባዶ ምሳ ዕቃው ውስጥ ጠቅልላ በመሳቢያዋ ትመልሰዋለች፤ እንፋሎቱ እንደሆነ አይሠራ። ኤልዳና በላስቲክ አሥራ ለሙት ዓመቱ ታስቀምጠዋለች። ያን ቀን ስትሄድ ጃንጥላዋን መዘርጋት ረስታ በዝናቡ ውስጥ ሄደች።

ያ ሳምንት ለሶልያና ጥሩ ሳምንት ነበር፤ መደበቅ ምን ያደርጋል። ጠዋት ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ጥጉ ትሄዳለች። ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ "እንዴት አደርክ" ትለዋለች። ምሳዋን እዚያው ትበላለች። የልጅነት ጭቅጭቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳችበት፤ አንዱንም አልመለሰላት፣ ድሮም መልስ አይወድም ነበር። ቤቱ እርጥበት ልክ መሆኑን እየነገራት ያመሰግናታል። እሷም "ምንም አይደል" ትለዋለች።

ጫጩት ግን ሙቀት ያሸታል። እርጥቡ ጉዝጓዝ ከውስጥ ይፈላልና ጥጉ ከሌላው ወለል ይልቅ ይሞቃል፤ እነሱም በካርቶኑ ሥር እየሾለኩ ገብተው እዚያ ያድራሉ። ታባርራቸዋለች፣ ይመለሳሉ። ለአንድ ሳምንት ምን ይሆናሉ ብላ ተወቻቸው።

እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ልታነሳ ስትሄድ አንዱ ጫጩት ካርቶኑን ተደግፎ ቆሟል። አንገቱን ወደ ላይ ሰግጓል፣ አፉን ከፍቷል፣ ክንፎቹን ከጎኑ አራርቋል። አየር ሊስብ ይሞክራል፣ አየሩ አይገባለትም፣ እንደገና ይሞክራል። ድምፅ የለውም። አጠገቡ ሌላ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ።

ሶልያና ይህን አንገት ታውቀዋለች። ባለፈው ነሐሴ ትራሱ ላይ አይታዋለች፤ ኪሩቤል ልክ እንዲህ አንገቱን ሰግጎ፣ ልክ እንዲህ አፉን ከፍቶ፣ እጇን እንደያዘ አየር ሲለምን ነው ያለቀው። ጫጩቱን አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ልቡ ጣቷ ላይ ይመታል። ሳምንቱን ሙሉ እንዴት አደርክ ስትለው የሰነበተችው ባሏን አልነበረም። ባሏን የገደለውን ነበር። ጫጩቱ እጇ ላይ ዝም አለ።

ኤልዳና ስትመጣ ሶልያና አፍንጫዋን በጨርቅ አሥራ፣ ሸሚዙን ጠቅልላ ይዛ፣ መስታወቱ ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ኤልዳና ጥቅልሉን ስታይ ፊቷ በራ። ምሳ ዕቃውን በመሳቢያዋ አስገባችና ቶሎ በይ አለቻት።

"አልሰጥሽም" አለች ሶልያና።

ኤልዳና በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

"ኤልዱ፣ ስትይዢው ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ምን አደርገዋለሁ? አቅፈዋለሁ።"

"ፊትሽን ትቀብሪበታለሽ። ከዚያ ለልጆችሽ ትሰጫቸዋለሽ፣ እነሱም ይቀብሩበታል፣ ልጆቻቸውም። ኪሩን የበላው ይኸው ነው። ሽታውም ገዳዩም አንድ ነው፣ እኔ ደግሞ ጫጩት ሲያንቅ እያየሁ ነው የማወራሽ።"

ኤልዳና መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ የተናገረችው ሶልያናን ውስጧ ድረስ ቆረጣት።

"እና አሁንም በባዶ እጄ?"

ኤልዳና ምሳ ዕቃውን ሳትቀበል ዞር ብላ ሄደች፤ የኋላ ኋላ ሶልያና ከፍታ ብታየው የምትወደውን ዱባ ወጥ ሠርታላት ኖሯል። ሶልያናም ሄዳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

ዘርፈሽዋል ከመስታወቱ ማዶ መጣች። የቤቶቹ ሁሉ ኃላፊ ናት፤ ገና ልጅ ብትሆንም ጨዋ ልጅ ናት፣ ሶልያናን እትዬ ሶሊ ነው የምትላት። ጥጉን፣ ቱቦውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። ሶልያና አልዋሸቻትም። ልጅቷ አልጮኸችም፤ እንደ ደነገጠች ያስታውቅ ነበር እንጂ። እስከ ጥር መታሸጉ እንደማይቀር፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዋ በላይ ያሉት እንደሚወስኑ ነገረቻት። ከዚያ ለምን አለቻት። ሶልያና ስለ ኪሩቤል አንገት፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ነደደው ጋቢ፣ እጃቸውን ባዶ ይዘው ስለቆሙት ሰዎች ነገረቻት።

ዘርፈሽዋል ግራ ገብቷት አየቻት። ደረቅ አየር ውስጥ ተወልዳ ደረቅ አየር ውስጥ ያደገች ልጅ ናት።

"ሰው ይሸታል እንዴ፣ እትዬ ሶሊ?"

"ይሸት ነበር" አለች ሶልያና።

ከዚያ አንድ ነገር ለመነቻት። እኔ ከቤቱ ጋር እታሸጋለሁ፣ ሸሚዙም በላስቲክ ታሥሮ አብሮኝ ቢታሸግ ማንን ይጎዳል፣ ቀኑ ሲደርስ በገዛ እጄ ለእሳቱ እሰጠዋለሁ አለቻት። ልጅቷ አሰበች። ጭምብል በመሳቢያዋ ላከችላት፣ እንዳታወልቂ ብላ። ስለ ሸሚዙ እሺም እንቢም ሳትል ሄደች።

የታመሙት ጫጩቶች ተለዩ፤ ከእነሱ የተረፉት ጥቂት ናቸው። እርጥቡ ጉዝጓዝ ወጥቶ አዲስ ጭድ ገባ። ሸሚዙን የጠየቀ ስላልነበረ ሶልያና በላስቲክ አሥራ አስቀመጠችው። ሐምሌ አለቀ። የሌሎቹ ቤቶች ጠባቂዎች ከጫጩቶቻቸው ጋር እየተሰናበቱ ወጡ፤ የሶልያና ግን ላባ አውጥተውም እዚያው ቀሩ። ኤልዳና ሁለት እሑድ ቀረች። ሶልያና እሑድ በመጣ ቁጥር ተጣጥባ መስታወቱ ሥር ትቀመጣለች፣ መሽቶ መብራቱ ሲለወጥ ትነሳለች።

የሙት ዓመቱ ዕለት ጠዋት ዝናቡ መሬቱን ይደበድባል። ሶልያና ጫጩቶቿን መግባ ስትዞር ከመስታወቱ ማዶ ጥቁር ነገር አየች። ጃንጥላ ነው። ከጃንጥላው ኋላ ሌላ ጃንጥላ፣ ከዚያም ሌላ። ኤልዳና ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ቆማለች፤ ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ የሠፈሩ ሰው፣ የድሮ ጉዝጓዝ ገልባጮች፣ ሁሉም እየተንጠባጠቡ ቆመዋል። ዳር ላይ ዘርፈሽዋል አለች፤ ሸሚዙ ገና እንዳልነደደ የነገረቻቸው እሷ ናት። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ፊቷን ከሠፈሩ በታች ወዳለው ሐይቅ አዞረች።

ኤልዳና እንዴት አደርሽም አላለች።

"አምጪው" ብቻ አለች። "ካልሰጠሽኝ አንቺ ያዢልኝ።"

ሶልያና ላስቲኩን ፈታች። ሸሚዙን በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ ዘረጋችውና ከራሷ በላይ፣ መስታወቱ ሙሉ እስኪሆን ድረስ አነሳችው። ደረቱ ላይ አረንጓዴው ተስሏል። ከማዶ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩት።

"ይሸታል?" አለች ኤልዳና።

ሶልያና ጭምብል እንዳደረገች ናት። ዘርፈሽዋል ያለቻትን አልረሳችም፤ ትራሱ ላይ የነበረውን አንገትም አልረሳችም። ከማዶ የቆሙት ዓመት ሙሉ ባዶ እጃቸውን የጠበቁ ሰዎች ግን አንዲት ቃል ይጠብቃሉ። ጭምብሏን ወደ ታች ሳበችው። ሸሚዙን አወረደችና ፊቷን ቀበረችበት፣ አንድ ጊዜ፣ ስለ ሁሉም ብላ ወደ ውስጥ ሳበች።

"ይሸታል" አለች። "ከሥራ ሲገባ።"

ኤልዳና እጆቿን አነሳች። ባዶ ነበሩ፤ አሁን ግን ወዴት እንደሚዘረጉ ያውቃሉ። ድምፅዋ በማጉያው መጥቶ ቤቱን ሞላው፦

ጋቢህም ነደደ፣ ነደደ ሸሚዙ፣
አንተን አንተን አለኝ የዶሮ ጉዝጓዙ።

ሰው ሁሉ ተቀበላት። ደረት ተመታ። ዓመት ሙሉ የታሰረው ለቅሶ ተፈታና በዝናቡ ውስጥ ወረደ፤ ሶልያናም ከመስታወቱ ወዲህ ሸሚዙን እያወዛወዘች ስሙን እየጠራች አለቀሰችለት። ጫጩቶቹ ዙሪያዋን ተሰብስበው ያዩአታል። መሀል ላይ ቤቱ እርጥበት ልክ ነው ብሎ አመሰገነ፤ የሰማው የለም።

ሲወጣላቸው ኤልዳና መስታወቱን በመዳፏ ነካ አድርጋ ሰዎቿን ይዛ ሄደች። ሶልያና ጭምብሏን መለሰች። ሸሚዙን በወጉ አጠፈችው፣ እንደ ታጠበ ልብስ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጋ። ወደ እሳቱ በር ሄዳ አስገባችው፣ በሩንም ራሷ ዘጋች። ከዚያ መንሿን አነሳች፤ የጠዋቱ ጉዝጓዝ ገና አልተገለበጠም ነበር።